ፎቶ ቤት ያለው ኮት

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ መጣች። ዘንድሮ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ናት። «እትዬ፣ ለሥራ ማመልከቻ ፎቶ ልነሳ ነው። ኮት የለኝም። ከጓደኛዬ ልዋስ ወይስ ፎቶ ቤቱ ያለውን ልልበስ?» አለችኝ። ቶሎ አልመለስኩላትም። አባቴ ትዝ አሉኝ።

እኔ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት ፐርሶኔል ክፍል ነው። በየሠራተኛው የግል ማህደር ላይ ጉርድ ፎቶ ስለጥፍ ኖሬአለሁ። ፎቶ አንሺ ባልሆንም የተነሳ ሰው በብዛት አይቻለሁ።

በ1970ዎቹ ነው። ሥራ በያዝኩ ሰሞን አባቴ ሊጠይቁኝ ከመንዝ መጡ። ከመሐል ሜዳ ተነስተው፣ በጣርማ በር በኩል፣ የጭነት መኪና ላይ ሆነው። አቧራው አይነሳ። በርኖሳቸውን ደርበዋል። ለማታውቁት፣ በርኖስ ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሠራ ጥቁር ካባ ነው፤ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ይላል። ውርጩን ይችላል፣ ካፊያውንም ይችላል። የአባቴን በርኖስ ጸጉሩን የፈተለችው እናቴ ናት።

በደሞዜ አብረን ፎቶ እንነሳ አልኩና ወሰድኳቸው። የፎቶ ቤቱን ስም አልጠራም። ፎቶ አንሺው ከላይ እስከ ታች አየት አደረጋቸውና «ይኼ አይሆንም፤ ጥቁር በጥቁር ይጠፋል» አለ። መጋረጃው ጥቁር ነበር። እርግጥ ሰውየው አልዋሸም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ጥቁር ሱፍ ጥቁር መጋረጃ ፊት ሲቆም ትከሻው ከጀርባው አይለይም፤ ፊት ብቻ ተንሳፍፎ ይቀራል። ግን ግራጫ መጋረጃ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ቆሟል። እሱን ከመዘርጋት አባቴን መቀየር ቀለለው።

ከሚስማር ላይ ኮት አወረደ። ከተማውን ሁሉ ያለበሰ ኮት ነው። ክራባቱ ቀድሞ የተቋጠረ፣ በላስቲክ አንገት ላይ የሚገባ። አባቴ ትከሻቸው ሰፊ ነበር፤ እጅጌው ክንዳቸው ላይ ቀረ።

«ይኼ ኮት የማን ነው?» አሉ።

«የቤቱ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያ እሱን አንሱት። እኔ ውጭ እጠብቃለሁ።»

ሳቅን። ፎቶ አንሺውም ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። በኋላ ለእኔ ሲሉ ተቀመጡ። አገጭ ቀና፣ አገጭ ዝቅ፣ እጅ ጉልበት ላይ። በፎቶው ላይ ቀበሌ ተጠርቶ የመጣ ሰው ይመስላሉ። በርኖሱ ከካሜራው ጀርባ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ነበር። እሱን እሱን ያዩ ነበር መሰለኝ፣ ዓይናቸው ከሌንሱ ትንሽ ዞር ብሏል።

ሲያርፉ በእጃችን የነበረው ፎቶ ያ ብቻ ነው። በትልቁ አሳጥበን ለቅሶው ላይ አወጣነው። እንደ አገሩ ወግ በርኖሳቸውና ከዘራቸውም አጠገቡ ወጣ። አክስቴ ከገጠር ደረሰች። ፎቶውን አየችና «ይኼ ደግሞ የማን ሹም ነው?» አለች። ከዚያ በርኖሱን አቅፋ አለቀሰች። ሌላውም ሰው ተከትሏት ወደ በርኖሱ ዞረ። ያ ፎቶ እስከ ዛሬ ሳሎኔ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲጠይቀኝ «አባቴ ናቸው፤ ኮቱ አይደለም» እላለሁ።

እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ እኮ ሻሻቸውን እንዳሰሩ፣ ካባቸውን እንደደረቡ ነው ፎቶ የተነሱት። የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ነበር። ዛሬ ምስላቸውን የሚያይ ሰው አልባሳቱን ለይቶ ያውቃል። ንጉሥ ስለሆኑ ነው ትሉኝ ይሆናል። የአባቴስ በርኖስ ምን ጎደለው?

ለልጅቷ «የሰው ኮት ተዪው» አልኳት። ደግሞ ባንክ ነው የምታመለክተው። ባንክ ኮት ይወዳል። ስለዚህ ከጓደኛሽ ተዋሺ፣ ግን የትከሻው ስፌት ትከሻሽ ጫፍ ላይ የሚያርፈውን፤ ፎቶ ቤት ያለውን ግን አትንኪ አልኩ። ያልኩትን አፈረስኩ መሰለኝ። ይሁን፣ የሚያውቃት ሰው ልብስ ነው።

ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ አይሁን፤ ዲጂታል ካሜራ ላይ መስመሩ ሸሚዙ ላይ የሌለ ማዕበል ሊሠራ ይችላል። የሐበሻ ቀሚስ ከለበሳችሁ ፎቶ አንሺው ብርሃኑን በፊታችሁ እንዲለካ ንገሩት። ካሜራው በራሱ ከለካ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልማል። ቀሚሱ ያምራል፣ ፊታችሁ ይጠቁራል። በስልክ ከሆነ ጣታችሁን ፊት ላይ ነካ አድርጉት። ስልኩን ደግሞ አፍንጫችሁ ላይ አትደቅኑት፤ ቀርቦ ሲያነሳ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ይሸሻል። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ በሉና በኋላ ቁረጡት። መነጽር ካንጸባረቀ ጆሮ ላይ ያለውን እጀታ ትንሽ ከፍ አድርጉት።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጠዋት በብርድ የመጣ ሰው ዓይኑ ያለቅሳል፣ ከንፈሩ ይሰነጠቃል። ገብታችሁ ሙቁ፣ ከዚያ ተነሱ። ቫዝሊን ከማታው ተቀቡ እንጂ በር ላይ ደርሳችሁ አትለቅለቁ፤ ግንባር ያበራል። ውጭ ከሆነ የቀትር ፀሐይን ሽሹ። ከአናት ስለሚወርድ ዓይን ሥር ጥቁር ጉድጓድ ይቆፍራል። የቤት ጥላ ሥር ሆናችሁ ወደ ገላጣው ዙሩ። ስለ መታጠብና ስለ ካውያ አልናገርም፤ ለዚያ እናት አላችሁ።

የዛሬ ልጆች ግን ፊልተር ይዛችኋል። ፊታችሁን ታነጣላችሁ፣ አገጭ ታሾላላችሁ። የፊታችሁን ማርያት እንኳ ታጠፋላችሁ። ጡረታ ልወጣ ስል አንድ ልጅ ለፈተና መጥቶ ከፎቶው ጋር ሊመሳሰልልኝ ስላልቻለ መታወቂያ ጠይቄዋለሁ። መታወቂያውም ያው ነበር።

ለልጅቷ የመጨረሻ የነገርኳት ስለ ቴሌግራም ነው። ፎቶ ቤቱ ሲልክላችሁ በፋይል ይላክ በሉት። እንደ ተራ ፎቶ ከላከው ጥራቱ ይወርዳል፣ አታሚ ጋ ስትወስዱትም ይደበዝዛል።