ዊዳል ፖዘቲቭ ወጣ ለምትሉ ወጣት ሐኪሞች

ሰሞኑን መንዝ የተመደበ አንድ ጀማሪ ጤና መኮንን ደወለልኝ። "ዊዳል ፖዘቲቭ ወጥቶበታል፤ ሲፕሮ ልስጠው ወይስ መርፌ ይሻለዋል?" አለኝ። ዊዳል የታይፎይድ የደም ምርመራ ነው፤ ሲፕሮ ደግሞ አንቲባዮቲክ። የበሽተኛውን ዕድሜ አልነገረኝም። ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረውም አላነሳም። ስልኩን ስዘጋ ትዝ ያለኝ አንድ በሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን ስሠራ አንድ የመንዝ ገበሬ ሚስቱ ደግፋው መጣ። ጋቢውን ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ሚስቱ በፌስታል የያዘችውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው፦ የላብራቶሪ ወረቀት፣ ባዶ የክኒን ማሸጊያ፣ የመርፌ ማዘዣ። ወረቀቶቹ ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፤ ታይፎይድና ታይፈስ። አንዱ ክሊኒክ ክኒን ሰጠው፣ ቀለል አለው፣ አገረሸበት። ሌላው መርፌ ጀመረለት።

ወረቀቱን እያገላበጥኩ እንደ አገሩ ወግ ጨዋታ ጀመርኩ። "አዝመራው እንዴት ነው?" አልኩት። ሚስቱ ቀደመችው። "ምን አዝመራ አለ ዶክተር! ሸዋ ሮቢት ማሾ ለቀማ ወርዶ ታሞ መጣ። በሬያችንንም ለመርፌው ሸጥነው።"

አልጋ ላይ አስተኛሁት። በግራ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር እጄን ሳስገባ ጣፊያው ጣቴን ገፋው። ብለድ ፊልም ታየለት፤ የደም ጠብታ መስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማለት ነው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ ደብረ ሲናን ቁልቁል ስትወርዱ ጋቢያችሁን ታወልቃላችሁ። "መንዝ ወባ የለም" የሚለው ለደጋው እውነት ነው። ሰውዬው ግን ወርዶ ተነክሶ ነው የተመለሰው። ክኒኑ ያቀለለውም ያለ ነገር አይደለም። ለታይፈስ የተሰጠው ዶክሲሳይክሊን ወባንም ቀስ ብሎ ይጫናል። ሐኪሞቹ "ልክ ነበርን" አሉ፤ በሽታው ጉበቱ ውስጥ አድፍጦ ቀረ።

ሕክምናው ላይ ደግሞ ያኔ እንዲህ ነበር። የወባ መድኃኒቱ ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ተውሳክ ይገድላል፤ ጉበት ውስጥ ያለውን አይነካም። ለዚያ ፕሪማኪን ለ14 ቀን ያስፈልግ ነበር። ሸዋ ሮቢት ለሚኖር ሰው፣ ነገ ተመልሶ ስለሚነከስ፣ ብዙ ጊዜ አይሰጥም ነበር። ወደ ደጋ ለሚመለሰው ግን ይሰጥ ነበር። ተውሳኩ አንድ ሆኖ የሰውዬው መኖሪያ ማዘዣውን ይለውጠው ነበር። ዛሬ መመሪያው ተቀይሯል፤ እሱን አንብቡ። ለነፍሰ ጡር ግን ያኔም ዛሬም ፕሪማኪን አይሰጥም።

ገበሬው ዳነ። በሬው ግን ተሽጦ ቀረ፤ የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። በእርሻ ወቅት በሬ የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን የገጠር ልጅ ያውቃል።

ዊዳል ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ምርመራ ነው። የሚያየው ሰውነት የሠራውን መከላከያ እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም። ድሮ ታይፎይድ ይዞት የዳነ ሰውም፣ ሌላ ሕመም ያለበትም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። የኛ ነገር ሆኖ "ታይፎይድና ታይፈስ" ብሎ መላክ ቀላል ነው። በሽተኛውም ስም ያለው በሽታ ይዞ ሲሄድ ደስ ይለዋል።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ውስጥ ያለው መጽሐፍ ለኛ ዘመን ተአምር ነበር። ግን ቀና ብላችሁ ሰው አታዩም። ላብራቶሪን አትመኑ እያልኩ እንዳይመስላችሁ፤ ገበሬውን ያወጣው ማይክሮስኮፕ ነው። ያው የደም ስላይድ በቅማል የሚተላለፈውን የግርሻ ትኩሳትም ያሳያል። ግርሻ በበዛበት ጊዜ ፔኒሲሊን ከሰጠን ከሰዓታት በኋላ በሽተኛው ይንዘፈዘፍ፣ የደም ግፊቱም ይወርድ ነበር። ቤተሰቡ "መርፌው ገደለው" ብሎ ይጮሃል። ስለዚህ መርፌውን ወግተን ወደ ቤት አንልክም፤ አጠገቡ ሆነን እንጠብቃለን።

ለደወልክልኝ ልጅ፦ ያን በሽተኛ ነገ መልሰህ ጥራው። ባለፉት ወራት ቆላ ወርዶ እንደሆነ ጠይቀው፣ ሆዱን ዳስስ፣ ብለድ ፊልም አሠራ። ታይፎይድ ነው ብለህ ከጠረጠርክና ደብረ ብርሃን መላክ ከቻልክ፣ አንቲባዮቲኩን ሳትጀምር የደም ካልቸር፣ ባክቴሪያውን ከደሙ አሳድጎ የሚያየው ምርመራ፣ ይወሰድለት። ሰውዬው ከደከመ ወይም ካቃዠ ግን ውጤት አትጠብቅ፤ ሕክምናውን ጀምረህ ሪፈር ጻፍለት።