የኤፕሪሏ ምርጫ

ልጆቼ፣

በአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ማዘጋጃ ቤት በሒሳብ ሠራተኝነት 26 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ፕሬዚዳንት ምርጫ ስትከራከሩ ሌሊቱ ይነጋል። የከተማችሁን ምክር ቤት አባል ስም ስጠይቃችሁ ግን ትስቃላችሁ።

እስቲ በሚዙሪ ክፍለ ግዛት፣ ሴንት ሉዊስ አጠገብ ያለችውን የፈርጉሰን ከተማን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2014 ማይክል ብራውን የተባለ ጥቁር ወጣት በፖሊስ ጥይት ሲገደል፣ ከነዋሪዋ ሦስት እጅ ሁለቱ ጥቁር ነበር። ከንቲባው ግን ነጭ፤ ከስድስቱ የምክር ቤት አባላትም አምስቱ ነጭ። ጥቁሩን አትምረጥ ያለው ሕግ አልነበረም። ምርጫው የሚደረገው በኤፕሪል ነው፣ ፕሬዚዳንትም ገዥም በማይመረጥበት ወቅት። በ2013 የመረጠው 12 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ያቺን ቀን የሚያስታውሰው ደግሞ ቤት ገዝቶ የተረጋጋው ሰው ነው። በየጊዜው ቤት የሚቀይረው ተከራይ፣ ሁለት ፈረቃ የምትሠራ እናት ከየት ያስታውሱ?

የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2015 ሲመረምር፣ ከተማዋ ካዝናዋን በቅጣት ለመሙላት ፖሊሱንና ፍርድ ቤቱን ትጠቀም እንደነበር አገኘ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ይሄ ይከነክነኛል። ቅጣት ገና ጥፋቱ ሳይፈጸም በበጀት ላይ ገቢ ተብሎ ይታቀዳል! ከፋዩ ደግሞ በአብዛኛው ምክር ቤት ውስጥ ሰው የሌለው ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል መራጩ ወደ 30 ከመቶ ደረሰ፤ ከስድስቱ መቀመጫ ሦስቱ የጥቁሮች ሆነ። በ2020 ኤላ ጆንስ የመጀመሪያዋ ጥቁር ከንቲባ ሆነች። ይህ እንዲሆን የግድ ሰው መሞት ነበረበት?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ማታ የበጀት ስብሰባ ላይ የቤት ባለቤቶቹ ስለ ዛፍ መከርከም ሲጨቃጨቁ አመሹ። በአፓርትመንቶቹ በኩል ያለው የመንገድ መብራት ጥገና ግን በሁለት ደቂቃ ለሌላ ዓመት ተላለፈ። ከዚያ ሰፈር አንድም ሰው አልመጣም። ሥራ ላይ ናቸዋ፤ ከመሃላቸው ፓርኪንግ የሚሠሩ የኛው ሰዎች ነበሩ። ካልኩሌተሬን ይዤ ከኋላ ተቀምጬ ዝም አልኩ።

ሜሪላንድ፣ ታኮማ ፓርክ ያላችሁ ደግሞ ምንም ምክንያት የላችሁም። እዚያ በከተማው ምርጫ ዜግነት የሌለውም ይመርጣል፤ ከ2013 ጀምሮ የ16 ዓመት ልጅም። እናታችሁን ዛሬ ማታ ጠይቋት፤ ለመምረጥ ተመዝግባለች?