አሮጌ ጌም ማስነሳት ሙያ ይወጣዋል ወይ?

ከሐይቅ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን አነበብኩት። ኮምቦልቻ ሶፍትዌር ምህንድስና ትማራለህ፣ ዘንድሮ ትመረቃለህ። በአጎትህ አሮጌ ላፕቶፕ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጡ ሮል ፕሌይንግ ጌሞችን (አንድ ገጸ ባህሪ ሆነህ የምትጫወታቸውን) እያስነሳህ ትጫወታለህ። ጓደኞችህም "ይሄ አልከፈት አለኝ" ሲሉ ወዳንተ ነው የሚመጡት። አባትህ ደግሞ "በጌም እንጀራ የበላ አላየሁም፣ ተወው" ብለውሃል። የጠየቅከኝ ሁለት ነገር ነው። ይሄ ሙያ ይሆናል ወይ? ሲቪዬ ላይ ልጻፈው ወይስ ልደብቀው?

አብሽር። አባትህ ግማሽ እውነት አላቸው። መጫወቱ እንጀራ አይሆንህም። ውጭ አገር ጌም እየሞከረ ደመወዝ የሚበላ ሰው አለ፤ አንተ ግን ሐይቅ ተቀምጠህ ያ በር እስኪከፈት አትጠብቅ። እዚሁ አገር ውስጥ እንደ ኩኩሉ ያለ ጌም የሠሩ ልጆች አሉ፤ ያም ሆኖ ዘርፉ ገና ጠባብ ነው። እኔ ልቤን የጣልኩት ሌላኛው ግማሽ ላይ ነው፣ ማስነሳቱ ላይ።

ደብዳቤህ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፍካት ነገር አለች። ፎልአውት የተባለውን ጌም ስታስነሳ ካርታው ላይ ጉዞው ከዓይን ፈጠነብህ። ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የካርታው ጉዞ በሰዓት ሳይሆን በዘመኑ ኮምፒውተር አቅም ነበር የተለካው። ፕሮሰሰሩ ሲፈጥን ጉዞውም አብሮ ፈጠነ። አንተ "ተበላሽቷል" ብለህ አልዘጋኸውም። የሚፈጥነው ካርታው ላይ ብቻ መሆኑን ለየህ፣ ምክንያቱን ፈለግክ፣ ፍጥነቱን የሚገድብ ማስተካከያ አገኘህ። ሌላኛው ጌም ደግሞ ጭራሽ አልጫን ሲልህ፣ ጥፋቱ የጌሙ ሳይሆን የመጫኛው እንደሆነ ደረስክበት። መጫኛው ለድሮ ኮምፒውተሮች የተሠራ 16 ቢት ፕሮግራም ነበር፣ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ 16 ቢት ፕሮግራም አያስነሳም። ችግርን እንዲህ እየነጠሉ ምንጩ ጋ መድረስ የሶፍትዌር ጥገና ዋና ሥራ ነው። ዲግሪ ይዘው ይሄን የማይችሉ ብዙ ልጆች አማክሬያለሁ።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ከዚሁ ችግር ጋር ነው የሚታገሉት። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ኦብሊቪዮን የተባለው ጌም በ2025 ታድሶ ሲወጣ መልኩ አንሪል ኢንጂን 5 በተባለ አዲስ የጌም መሥሪያ ተሠራ፤ ከሥር ግን ዛሬም ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው የድሮው ኢንጂን ነው። (የአጎትህ ላፕቶፕ ግን አይችለውም፣ አትድከም።) ቢምዶግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን ባልዱርስ ጌት የተባለ ጌም በ2012 አድሶ አወጣ። አይስዊንድ ዴል ከተባለው ጌምም የመጀመሪያውን አደሰ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን ጌሙ የተጻፈበት የምንጭ ኮድ ሊገኝ አልቻለም፤ እድሳቱም ቀረ። ሰዎች ስንት ሌሊት ያደሩበት ሥራ፣ አስቀማጭ አጥቶ! ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። የመመረቂያ ፕሮጀክትህ አሁን የት ነው ያለው? አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ ኢንተርኔት ላይ ባለው የኮድ ማስቀመጫ፣ ጊትሃብ ላይ አስቀምጠው።

ወደ ደሴ እንምጣ። ፒያሳ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤቶች አንዱ ጋ ገብተህ የቆየ የአማርኛ ፋይል አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት እይ። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንት የተጻፈ ከሆነ፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚወጣው። የድሮዎቹ ፎንቶች የላቲኑን ቦታ ወስደው የኛን ፊደል ይስሉበት ነበር። ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ መለያ የሚሰጠው ዩኒኮድ ፊደላችንን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት ሁሉም በየራሱ መንገድ ነበር የሚሄደው። ጸሐፊዋ ምን ታደርጋለች? ሰነዱን እንደገና ትተይባለች። አንተ ግን የትኛው ፎንት እንደሆነ ለይተህ፣ የትኛው ምልክት የትኛውን ፊደል እንደሚተካ ሰንጠረዥ ሠርተህ፣ በአጭር ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ልትቀይረው ትችላለህ። ይሄ የሚያስከፍል ሥራ ነው። የሒሳብ ባለሙያዎቹም ፒችትሪ የተባለውን የቆየ የሒሳብ ፕሮግራም ይዘው ኮምፒውተር ሲቀይሩ የሚያጋጥማቸውን ጣጣ ጠይቃቸው። ለጓደኞችህ ጌም ስታስነሳ ያካበትከው ልምድ እዚያ ይገባል።

አሁን የሚቀርህ ማስረጃ ነው። "ብዙ ጌም አስነስቻለሁ" ብትል ቀጣሪ ምኑን ይይዛል? ለቀጣሪ በምታሳየው ሥራ ላይ ከሰው በፍላሽ የተቀዳ ጌም አታስገባ። ዳገርፎል የሚባል ጌም አለልህ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ነው፤ የሠራው ኩባንያ ቤተሰዳ ራሱ በ2009 በነጻ ለቆታል። አፍቃሪዎቹ ዳገርፎል ዩኒቲ በሚል በሲ ሻርፕ የፕሮግራም ቋንቋ እንደ አዲስ ሠርተውታል፤ ኮዱ ክፍት ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ከቀለለህ የሞሮዊንድ ጌምን ኢንጂን በክፍት ኮድ የሠራው ኦፕን ኤምደብሊው አለ፤ እሱ ግን የጌሙን ዋና ፋይሎች መግዛት ይጠይቃል።

ኮድ ለመጻፍ አትቸኩል። መጀመሪያ ለእነዚህ ፕሮጀክቶች ጥሩ የባግ ሪፖርት (የስህተት ማሳወቂያ) ጻፍ። "ጌሙ ይዘጋል" ማንንም አይረዳም። "በዚህ ቨርዥን፣ በዚህ ዊንዶውስ ላይ፣ ከከተማው በር ስወጣ ሴቭ ባደርግና መልሼ ብከፍት ይዘጋል፤ ሁልጊዜ ይደገማል፤ የሎግ ፋይሉ ይኸው" ብለህ ስትጽፍ ግን ሌላ ነው። (ሎግ ፋይል ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል ነው።) በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ መጣፈጡ ሳይሆን ግልጽነቱ ነው የሚፈለገው። ሪፖርትህ ተቀባይነት አግኝቶ ሲስተካከል ሊንኩ ማስረጃህ ነው። እዚህ ላይ አትስነፍ፣ አደራ።

ሲቪህ ላይ "ጌም መጫወት እወዳለሁ" ብለህ እንዳትጽፍ። እንዲህ በለው፦ "ለአሮጌ ዊንዶውስ የተሠሩ ፕሮግራሞችን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ማስነሳት፤ የሎግ ፋይል አንብቦ የስህተት ምንጭ መለየት፤ በድሮ ፎንት የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ ወደ ዩኒኮድ መቀየር።" ቃለ መጠይቅ ላይ ከየት ተማርከው ካሉህ ሳታፍር ጌሙን ንገራቸው።

አባትህን በክርክር አትረታቸውም። የዕድራቸው መተዳደሪያ ደንብ በድሮ ፎንት የተጻፈ ከሆነ ፋይሉን ተቀበላቸውና ቀይረህ አትመህ ስጣቸው።

ከምረቃህ በፊት ሁለት የተስተካከሉ ሪፖርቶችና አንድ የቀየርከው ሰነድ ይኑርህ። ሲቪውን ያኔ ላክልኝ፣ መስመር በመስመር አየዋለሁ።