መልስ፦ አንድ የጉዞ መስመር ለሁሉም ወቅት ይሆናል?

ሰላም። ፀሐያማ አካባቢ ላይ ያንኑ የ12 ኪሎ ሜትር የእግር ጉዞ ዓመቱን ሙሉ መምራት ይቻላል ወይ ላልከው፣ መስመሩ ይሆናል፤ ሰዓቱና ርዝመቱ ግን መቀየር አለበት።

በሙቀት ወራት ጎህ ሲቀድ ተነሱ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ርቀቱን ወደ 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር አውርደው። ውሃ ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር አስብ፤ ሙቀቱ ሲበረታ አንድ ሊትርም ሊያስፈልግ ይችላል። ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ይሁን፤ መጨረሻ ላይ ከሆነ ሰው በደከመበት፣ ፀሐይም አናት በምትበሳበት ሰዓት ትገጥሙታላችሁ። መንገዱን ቀድመህ ስትፈትሽ ቡድኑ በሚሄድበት ሰዓት ሂድ፤ ጠዋት ጥላ የነበረው ቦታ እኩለ ቀን ላይ ጥላ የለውም።

ራሱን ያመመውን ወይም ያጥወለወለውን ሰው ጥላ ውስጥ አሳርፈህ ውሃ በትንሽ በትንሹ ስጠው። ንግግሩ ከተምታታ ግን ነገሩ ለሕይወት አስጊ ነው፦ አምቡላንስ አስጠራ፣ ልብሱን አላልተህ ሰውነቱ ላይ ውሃ እያፈሰስክ አራግብለት።

በዝናብ ወራት የሚያሰጋው ወንዙ ነው። እናንተ ጋ ሳያካፋ ከላይ የዘነበው ደረቁን ሸለቆ በድንገት ሊሞላው ይችላል። ውሃው ደፍርሶ ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ አትሻገሩ። በቀዝቃዛው ወቅት ሙሉውን መሄድ ትችላላችሁ፤ ቀኑ ስለሚያጥር ባትሪ ያዙ።

ከኋላ መንገዱን የሚያውቅ ሰው መድብ። እረፍት ላይ ደግሞ የመጨረሻው ሰው እንደደረሰ አትነሳ፤ እሱ ገና አላረፈማ! ከደረሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ቁጠርለት።