አካውንቱ የማን ነው? ስለ ያልተማከለ ድር የቀረቡ ጥያቄዎች

መረጃችን በጥቂት ትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ብቻ እንዳይሆን ታስበው ስለተሠሩ መድረኮች የደረሱን ጥያቄዎች በርከት ብለዋል። የሚበዙትን የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፦ አድራሻውንና የምስጠራ ቁልፉን (ትእዛዝ የሚፈረምበትን ምስጢራዊ ኮድ) የያዘው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ያለሁበት የማስቶዶን ሰርቨር በወሩ መጨረሻ እንደሚዘጋ ባለቤቱ አስታውቋል። ወደ ሌላ ብዛወር ምን ይዤ እሄዳለሁ?

መልስ፦ ማስቶዶን የየራሳቸው ባለቤት ባላቸው ብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚሠራ ማኅበራዊ ሚዲያ ነው። ሲዛወሩ ተከታዮችዎን ይዘው ይሄዳሉ፤ የጻፉት ግን እዚያው ይቀራል። መጀመሪያ በአዲሱ ሰርቨር አካውንት ይክፈቱና በዚያው አካውንት ማስተካከያ ውስጥ የድሮውን አድራሻ ተለዋጭ ስም አድርገው ያስመዝግቡ። ቀጥሎ ወደ ድሮው ተመልሰው የዝውውሩን ትእዛዝ ከዚያ ይስጡ። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠውና እምቢ ሲለው ሰርቨሩን ይወቅሳል። ትእዛዙ ሲሰጥ የድሮው ሰርቨር በቁልፍ የተፈረመ መልእክት ተከታዮችዎ ወዳሉባቸው ሰርቨሮች ይልካል፤ እነሱም ተከታዩን ከድሮው አንሥተው ወደ አዲሱ ያዞሩታል። ፈራሚው የድሮው ሰርቨር ስለሆነ፣ ከተዘጋ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም። የወሩን መጨረሻ አይጠብቁ።

የሚከተሏቸውንና ያገዷቸውን ሰዎች ዝርዝር በሲኤስቪ (የሠንጠረዥ) ፋይል አውርደው በአዲሱ ላይ ራስዎ ይጫኑ፤ በራሱ አይመጣም። የጽሑፎችዎና የፎቶዎችዎ ማኅደር የሚጠየቀው በ7 ቀን አንዴ ብቻ ነው። እሱም ለማንበብና ለማስቀመጥ ያህል ነው እንጂ ወደ አዲሱ ሰርቨር መልሶ አይገባም። አንዴ ከተዛወሩ ለ30 ቀን እንደገና መዛወር ስለማይፈቀድ መድረሻዎን አስቀድመው ይምረጡ። ሳይጠየቅ አንድ ልጨምር፦ የማስቶዶን የግል መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ከፈለገ ያነበዋል።

ጥያቄ፦ ብሉስካይ የተባለው ማኅበራዊ ሚዲያ በዚህ በኩል ይሻላል ይባላል። እዚያስ ሰርቨሩ ድንገት ቢጠፋ?

መልስ፦ ማንነትዎን ከሰርቨሩ ስለለየው ይሻላል። እያንዳንዱ አካውንት ዲአይዲ የሚባል የማይለወጥ መለያ አለው፤ ሰው የሚያየው ስም ግን ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ) ነው። የራስዎ ዶሜይን ካለዎት በዲኤንኤስ (የዶሜይን ስሞች መዝገብ) ማስተካከያው ላይ አንድ የቲኤክስቲ (የጽሑፍ) መዝገብ ጨምረው ዲአይዲዎን ያስገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ሰርቨር ቢቀይሩም ስምዎ አይነካም። ጽሑፎችዎ፣ የወደዷቸውና የሚከተሏቸው ሁሉ ካር በሚባል አንድ የማኅደር ፋይል ይወርዳሉ። ፎቶና ቪዲዮ ግን በዚያ ፋይል ውስጥ የሉም፤ ለየብቻ መውረድ አለባቸው። መጠባበቂያ ቅጂ አለኝ ብሎ የተቀመጠ ሰው ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከረፈደ ነው።

ሰርቨሩ በሰላም እየሠራ ከሆነ ለዝውውሩ ማረጋገጫ ኮድ በኢሜይል ይልክልዎታል። ከጠፋ ወይም እምቢ ካለ ግን ዲአይዲውን ወደ አዲስ ሰርቨር ለማዞር ሥልጣን ያለው ቁልፍ በእጅዎ መኖር አለበት። ችግሩ፣ ይህን ቁልፍ እርስዎ ካላስመዘገቡ የሚይዘው ሰርቨሩ ራሱ መሆኑ ነው። ደኅና ቀን ሳለ የራስዎን ቁልፍ ያመንጩ፣ ከሰርቨሩ ቁልፍ በቀደመ ተራ ያስመዝግቡት፣ ከኮምፒውተሩ ውጭም ያኑሩት። እንዲህ ካደረጉ ሰርቨሩ ማንነትዎን ያለፈቃድዎ ቢለውጥ እንኳ በ72 ሰዓት ውስጥ መሻር ይችላሉ። ይህን ላላደረገ ሰው የመዛወር መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበትን የዲአይዲ ዓይነት የሚይዘው መዝገብም አንድ ብቻ፣ ያውም የብሉስካይ ኩባንያ ራሱ ያቋቋመው መሆኑን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ሚሊዮኖች ቢገቡበት ያልተማከለ ሥርዓት ይሸከማል?

መልስ፦ ይሸከማል፤ ግን ሸክሙን የሚያሳርፍበት ቦታ እንደ ሥርዓቱ ይለያያል። በማስቶዶን አንድ ጽሑፍ ተከታይ ወዳለበት ሰርቨር ሁሉ ይላካል፤ ተከታዮችዎ በ2,000 ሰርቨር ከተበተኑ ወደ 2,000 የሚጠጋ መላኪያ ሳይድኪክ በተባለው የሥራ ወረፋ ውስጥ ይገባል። ወረፋው ሲረዝም ጽሑፍ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሰውም ኢንተርኔቱን ያማል። ሊንክ ሲለጠፍ ደግሞ እያንዳንዱ ሰርቨር ቅድመ እይታውን ራሱ ስለሚያመጣ ትንሽ ድረ ገጽ በደቂቃ ውስጥ በጥያቄ ጎርፍ ይወድቃል።

ብሉስካይ የእርስዎን መረጃ የሚይዘውን ሰርቨር ቀላል አድርጎ፣ ሪሌይ የተባለው ክፍል ከሁሉም እንዲሰበስብ፣ አፕቪው የተባለው ደግሞ እንዲያደራጅና እንዲያሳይ አድርጓል። ሲሰፋ አይንገዳገድም፤ ነገር ግን አፕቪውን በሙሉ ስፋቱ ለማቆም አቅም ያለው ጥቂት ነው። እንደኔ ከሆነ የብሉስካይ መንገድ ለብዙ ሕዝብ ይመቻል፣ የማስቶዶን ደግሞ ለነጻነት።

ጥያቄ፦ የራሴን ሰርቨር ላቁም። ምን ያህል አቅም ይበቃኛል?

መልስ፦ ለብሉስካይ የመረጃ ሰርቨር ከ1 እስከ 20 ሰው ድረስ 1 ጊጋባይት ራም፣ አንድ ኮር ፕሮሰሰርና 20 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይመከራል፤ ፖርት (የግንኙነት በር) 80 እና 443 ክፍት ይሁኑ። ማስቶዶን ፖስትግሬስና ሬዲስ የተባሉ የመረጃ ቋቶችን ስለሚያስከትል ከ4 ጊጋባይት ራም በታች ባይሞክሩት ይሻላል። ዲስኩን የሚሞላው ከሌሎች ሰርቨሮች ተቀድቶ የሚከማች ፎቶና ቪዲዮ ነው፤ ከ7 ቀን በላይ የቆየውን የሚያጸዳ ትእዛዝ በየቀኑ እንዲሠራ ያድርጉ።

በሞባይል ዳታ መስመር ቤት ውስጥ ማቆም አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም፤ አቅራቢው አንድ የአይፒ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ስለሚያጋራ ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ አይደርስዎትም። መብራት ሲጠፋም ሰርቨሩ አብሮ ይጠፋል። ቪፒኤስ (በመረጃ ማዕከል ያለ የኪራይ ሰርቨር) ይከራዩ። በነጻ የሚታደል ዶሜይንም ይቅርብዎ። እ.ኤ.አ. በ2023 የማሊ የዶሜይን ስም (.ml) አስተዳደር ሲለወጥ በነጻ ስም የቆሙ ሰርቨሮች አድራሻቸውን አጥተዋል፤ ማስቶዶን ደግሞ ሥራ ከጀመረ በኋላ ዶሜይን መቀየር አይችልም።

ጥያቄ፦ አይፒኤፍኤስ (ፋይል በብዙ ኮምፒውተሮች መካከል የሚጋራበት መረብ) ላይ የተቀመጠ ፋይል ለዘላለም ይኖራል?

መልስ፦ አይኖርም። አይፒኤፍኤስ ፋይሉን ከይዘቱ በተሰላ መለያ ይጠራዋል እንጂ ማንንም እንዲያስቀምጥልዎ አያስገድድም። ቢያንስ ሁለት፣ በተለያየ ቦታ ያሉ ኮምፒውተሮች ፋይሉን ፒን ማድረግ (እንዳይጠረግ ምልክት አድርገው መያዝ) አለባቸው፤ ፒን ያልተደረገው ጽዳት ሲካሄድ ይጠረጋል። ፋይሉ ያለበትን ቦታ የሚጠቁመው ማስታወቂያም ከ48 ሰዓት በኋላ ስለሚያልፍበት ላፕቶፕዎ ብቻ ይዞት ከሆነና ለሁለት ቀን ከዘጉት ፈላጊ አያገኘውም።

በተቃራኒው ሌላ ሰው ፒን ያደረገውን እርስዎ ማጥፋት አይችሉም። የመታወቂያ ቅጂና የሕክምና ወረቀት ሳይመሰጠር አያስገቡ። ያው ፋይል በሌላ ፕሮግራም ሲጫን የተለየ መለያ ከሰጠ አልተበላሸም፤ ፋይሉ የሚቆራረጥበት መጠን፣ ለምሳሌ 256 ኪሎባይት ወይም 1 ሜጋባይት፣ ሲለያይ መለያውም ይለያያል።

ጥያቄ፦ የድሩ ፈልሳፊ የቲም በርነርስ ሊ ሶሊድ መረጃዬን ሙሉ በሙሉ በእጄ ያደርገዋል?

መልስ፦ ሶሊድ መረጃዎን ከመተግበሪያዎች ለይቶ በግል ማከማቻ ያኖረዋል፤ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው እርስዎ ይወስናሉ። ለአንድ መተግበሪያ የሰጡትን ፈቃድ ቢያነሡ ግን አስቀድሞ የቀዳው አይመለስም፤ እሱን የሚያስጠፋ ሕግ ነው፣ ቴክኖሎጂ አይደለም። ኮሚዩኒቲ ሶሊድ ሰርቨር የተባለውን የሶሊድ ማከማቻ ፕሮግራም ለሙከራ የሚጭኑ ሰዎች የሚሠሩት የተለመደ ስህተት አለ፦ ምንም ሳይቀይሩ ካስነሡት መረጃውን የሚይዘው በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ስለሆነ ሲያጠፉት ሁሉም ይሄዳል። በፋይል የሚያስቀምጠውን ማዋቀሪያ መርጠው ያስነሡት።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥስ ከነዚህ የሚሠራ አለ?

መልስ፦ ከላይ ካነሣናቸው አንዱም እንደ ልብ አይሠራም። ብራየር የተባለው የመልእክት መተግበሪያ በብሉቱዝና በዋይፋይ ቅርብ ለቅርብ መልእክት ያደርሳል። ሲንክቲንግ የተባለው ፕሮግራም በአንድ ዋይፋይ ላይ ባሉ ኮምፒውተሮች መካከል ፋይል ያመሳስላል፤ በአንዱ ላይ የጠፋ በሌላውም ስለሚጠፋ የድሮ ቅጂዎችን የሚያስቀምጠውን ምርጫ ከመጀመሪያው ያብሩት።