ስቲቨኔጅ ባዶ መሬት አልነበረችም

ሰሞኑን አንድ ወጣት አርክቴክት «ጋሼ፣ ከነባር ከተማ ጋር ከመታገል ባዶ መሬት ላይ አዲስ መሥራት አይቀልም?» ብሎ ጠየቀኝ። ስቲቨኔጅ ትዝ አለችኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ነገር ያለው እዚያ ነው።

ከለንደን በስተሰሜን ያለች ከተማ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለንደን በቦምብ ፈራርሳ ቤት ጠፍቶ ነበር። መንግሥት በ1946 እ.ኤ.አ. የአዳዲስ ከተሞች ሕግ አወጣ፤ የመጀመሪያዋ ስቲቨኔጅ ሆነች። ጥቂት ሺህ ሰው የሚኖርባት የገጠር ከተማ 60,000 ሰው እንድትይዝ ታቀደ።

የከተማ ዕቅድ ሚኒስትሩ ሉዊስ ሲልኪን ዕቅዱን ሊያስረዱ ሲመጡ ሕዝቡ በጩኸት ተቀበላቸው። እሳቸውም ብትጮሁም መሠራቱ አይቀርም አሉ። የመኪናቸውን ጎማ አስተነፈሱት። ባቡር ጣቢያው ላይም እንደ ስታሊን ከተማ እንደ ስታሊንግራድ «ሲልኪንግራድ» የሚል ጽሑፍ ተሰቀለ። ነዋሪዎቹ ዕቅዱን ተቃውመው ከሰሱ፤ ክሱንም ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት እስከነበረው የሎርዶች ምክር ቤት አድርሰው በ1947 እ.ኤ.አ. ተረቱ።

በተማሪነቴ ስሄድ እኔን የማረከኝ ሌላ ነገር ነበር። ኢንጂነር ኤሪክ ክላክስተን የነደፉት የብስክሌት መንገድ ከመኪናው ተለይቶ በአደባባዩ ሥር ያልፋል። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1959 እ.ኤ.አ. የመረቁት የገበያ ማዕከልም መኪና አይገባበትም። ይህን ሁሉ ስለካ ስዞር አንዲት አሮጊት ሻይ ጋበዙኝ። በመስኮታቸው በኩል፣ በቤቶቹ መሀል የቀሩ ዛፎችን አሳዩኝ። የአባታቸው ማሳ ድንበር ነበሩ። እያንዳንዱን ማሳ በየስሙ ጠሩልኝ፤ የትኛው ውኃ ይተኛበት እንደነበር ጭምር። ሌላ ቀን ተመልሼ ልጽፈው አሰብኩ። ስመለስ አርፈዋል።

ሲልኪን ተሳሳቱ ማለቴ አይደለም። ከፍርስራሽ ለወጣ የለንደን ቤተሰብ መታጠቢያና ጓሮ ያለው ቤት ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። ዛሬ ወደ 90,000 የሚጠጋ ሰው ይኖርባታል። ግን የአሮጊቷን መስኮት ሳስብ ደግሞ ልቤ ወደ ከሳሾቹ ያደላል። ሁለቱንም ይዤ አረጀሁ።

የዛሬ ልጆች ከሳተላይት ምስል ላይ ቶሎ ትነድፋላችሁ፤ ጫማችሁ ጭቃ አይነካውም። እኛ ግን በእናንተ ዕድሜ የታዘዝነውን ከመንደፍ አልፈን እንዲህ ያለ ጥያቄ አናነሳም ነበር። ሶፍትዌሩን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህና ስለሱ ምንም አልልም። መጀመሪያ ቦታው ድረስ ሂድ። የጅረቱን፣ የጋራውን፣ የማሳውን ስም ከሰዎቹ አፍ ጻፍ፤ ክረምት ላይ ውኃ የት እንደሚተኛም ጠይቅ። ካርታውን ከዚያ በኋላ ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።