ታሪክ ተምሬ በከተማ ትራንስፖርት ዕቅድ መሥራት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ በታሪክ ትምህርት በመጀመሪያ ዲግሪ ከተመረቅሁ ዓመት አልፎኛል። ተወልጄ ያደግሁት አዳማ ነው፤ አያቴ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የከተማ ትራንስፖርት ዕቅድ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን «ታሪክ እንጀራ አይሆንም፣ አካውንቲንግ ተማሪ» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የቤተሰቦችሽን ስጋት አትናቂው። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች የሥራ ማስታወቂያ ሲያወጡ በአብዛኛው የሚጠይቁት ሲቪል ምህንድስና፣ የከተማ ፕላን ወይም ኢኮኖሚክስ ነው። ባለሽ ዲግሪ ብቻ ደጅ ብትጠኚ አንዱ ዓመት ሁለት ይሆንብሻል። አካውንቲንግ ግን ልብሽ ካልፈቀደው መፍትሔ አይሆንም። ካለሽ ዕውቀት ላይ የጎደለውን መጨመር እንደገና ከሀ ከመጀመር ይቀልሻል።

ያለሽ የታሪክ ዕውቀት ደግሞ ትንሽ አይደለም፤ አዳማን ራሷን እንይ። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ሲገባ 1909 ሆኖ ነበር። አዳማ በዚያ መስመር ላይ የጣቢያ ከተማ ሆና አደገች፤ ሆቴሉም መጋዘኑም ሐዲዱን ተጠግቶ በቀለ። በ1946 ወንጂ ስኳር ማምረት ሲጀምር የሠራተኛውና የነጋዴው ምልልስ ተጨመረባት። በ2007 መጀመሪያ ላይ የአዲስ አበባ-አዳማ የፍጥነት መንገድ፣ በ2009 ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቁ። ይኸኛው ባቡር የሚቆመው ግን ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው። የድሮው ተሳፋሪ ከፉርጎ ወርዶ በእግሩ መሀል ከተማ ይገባ ነበር፤ የዛሬው ሻንጣውን ይዞ ባጃጅ ይፈልጋል። አያትሽ የሠሩበትን ጣቢያና አዲሱን ጣቢያ አስተያይቶ «ከዚህ እስከ ገበያው ሰው በምን፣ በስንት ብር፣ በስንት ደቂቃ ይደርሳል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የዕቅድ ሥራን ጀምሯል።

ይህን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። ወደ ምክር ሥራ ሳልገባ፣ በአንዲት አነስተኛ ከተማ የታክሲ ማቆሚያ ቦታ ሲመረጥ መረጃ ሰብሳቢ ነበርሁ። የተመረጠው ቦታ በካርታ ላይ እንከን አልነበረውም፤ ሰፊ፣ ለጥ ያለ፣ አስፋልቱ ዳር። ጠጠር ተደፋበት፣ ተመረቀ። ሐምሌ ሲገባ ታክሲዎቹ እስከ ጎማቸው አጋማሽ ውኃ ውስጥ ቆሙ። አጠገቡ በቆሎ የሚጠብሱ እናት «ይኼ እኮ ድሮ የከብት ማጠጫ ኩሬ ነበር» አሉኝ። ወር ሙሉ በፊታቸው ሳልፍ ቆይቼ አልጠየቅኋቸውም። ያንቺ ትምህርት ያስተማረሽ እንዲህ ያሉትን ሰዎች መጠየቅ ነው፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ደግሞ ይህን የሚችል ሰው እምብዛም አላየሁም።

የሚጎድልሽ ቁጥር ነው። ከአዲሱ ጣቢያ ወደ መሀል ከተማ የሚወስደውን መስመር ያዢና ሦስት ቀን ቁጠሪ፤ አንዱ የገበያ ቀን፣ አንዱም ባቡሩ መንገደኛ የሚያራግፍበት ቀን ይሁን። ወረቀትሽን በየ15 ደቂቃው ከፋፍለሽ ስንት ባጃጅ፣ ስንት ሚኒባስ፣ በእያንዳንዱ ስንት ሰው፣ ተሳፋሪው ስንት ደቂቃ ጠበቀ፣ ስንት ከፈለ ብለሽ መዝግቢ። ኩንታል ሽንኩርት ይዛ ሦስት ባጃጅ እምቢ ያላትን ሴት ለብቻ ጻፊያት፤ በተሳፋሪ ቆጠራ ውስጥ ስለማትታይ። አስቀድመሽ የትብብር ደብዳቤ አውጪ፣ ተራ አስከባሪዎቹንም አነጋግሪ። እስክሪብቶ ይዞ የቆመ ሰው ቀረጥ የሚጥል ይመስላቸዋል።

የሰበሰብሽውን በኤክሴል አደራጂ፤ ካርታውን በኪውጂአይኤስ ሥሪ፣ ፕሮግራሙ በነፃ ይገኛል። ከዚያ ሁሉንም በአራት ገጽ ጻፊው። ለሥራ ስታመለክቺ ከዲግሪሽ ቀጥሎ የሚታይልሽ ይህ ጽሑፍ ነው። የከተማዋ አስተዳደር የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በሱ አቀላጥፈሽ የማትጽፊ ከሆነ ከኮምፒውተሩ በፊት እሱን ቅደሚ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ንም አንብቢ፤ መዋቅራዊ ፕላን (የከተማው መሬት ለምን እንደሚውልና ዋና መንገዶቹ የት እንደሚያልፉ የሚያሳየው ዕቅድ) ምን እንደሆነና የሚያገለግለው ለ10 ዓመት መሆኑን ሳታውቂ ቃለ መጠይቅ አትግቢ።

ለሁለተኛ ዲግሪ የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲንና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ተመልከቺ። ለመግቢያ ፈተና ከመመዝገብሽ በፊት ግን የታሪክ ዲግሪ ይቀበሉ እንደሆነ ከትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ ጠይቂ፤ በቃል የተሰጠ ተስፋ ይዘው ሄደው የተመለሱ ተማሪዎች አውቃለሁ።

አያትሽ በሕይወት ካሉ ግን ቆጠራውም ማመልከቻውም ይቆይ። ዛሬ ማታ ስልክሽን መቅጃ ላይ አድርገሽ ከአጠገባቸው ተቀመጪ፦ ባቡሩ ሲደርስ ጋሪዎቹ የት ይቆሙ ነበር? ወደ ወንጂ የሚሄደው ሰው በምን ይሄድ ነበር? ዝናብ ሲጥል የቱ መንገድ ይዘጋ ነበር?